ሰርጉ የሚፈርስበት ቀን

ወረታ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ባሕር ተሻግረሽ ላለሽው ለእኅቴ ልጅ ለሰገን

እንደምን ከርመሻል? የርብ ወንዝ ውሃ ወደ ቦዩ ተመልሶ፣ ሜዳው ጠፍፎ፣ ሩዙ አንገቱን ደፍቶ አጨዳ እስኪደርስ ድረስ መድኃኔዓለም አድርሶናል። እናትሽ ይርገዱ ደህና ናት። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ደግሞ ከሰው ቆጥሬው አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የባለሱቁ የኢሳቅ ልጅ ከውሰር ናት። ለንግዷ ልብስ ልትገዛ ኢስታንቡል በየሁለት በየሦስት ወሩ መመላለሷ ለእኛ በጀን። እዚህ ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ወዲህ ምስልሽ አይመጣም። ድምፅሽ ቢመጣም እናትሽ «ሀሎ» ካለች በኋላ ታለቅሳለች እንጂ አትሰማሽም። ወረቀት ይሻላል፤ ሲያለቅሱበት አይቋረጥም።

ጉዳዬ የላክሽላት ቴሌቪዥን ነው። ስጦታሽን መንቀፌ አይደለም፤ መስታወቱም ትልቅ ነው፣ ድምፁም ጥሩ ነው፣ እንዲያውም በጣም ጥሩ ነው፤ እዳው ለኔ ሆነ እንጂ። «ሰባት በር» የሚባል የቱርክ ድራማ በአማርኛ መጥቷል። አይሊን የምትባል ልጅ በሕፃንነቷ ከእናቷ ተለይታ፣ አድጋ፣ እናቷን ትፈልጋለች። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወረታ ውስጥ ሰው አይገኝም። የሩዝ መፈልፈያው ሳይቀር ይቆማል። ጎረቤታችን ጥሩብርሃን ጊደሯን አይሊን ብላታለች። የማርያም ማኅበር ከሰዓት በኋላ መሆኑ ቀርቶ ጠዋት ሆነ፤ ማርያምም ሰዓቷን ቀይራ ትመጣለች ብለው መሰለኝ። ባለፈው ወር ሐሙሲት ለቅሶ ስንደርስ እዚያም ወሬው እሷ ነበረች። ለሚያውቁት ሰው የደረቀ ዓይን ለማያውቁት ሲፈስስ አየሁ።

ሰው ሁሉ የሚወደውን እኔ ብቻ ስጠላው ጊዜ፣ ጥፋቱ የኔ እንዳይሆን ብዬ ሦስት ቀን ተቀምጬ አየሁት። በሦስቱም ቀን አንዲት ሴት በር ከፍታ ቆማ ትደነግጣለች። ማን እንደመጣ ግን አያሳዩንም። በር ላይ የቆመ እንግዳ ሦስት ቀን ሙሉ ግባ የማይባልበት ምን ዓይነት አገር ነው?

እባክሽ እናትሽ ላንቺ ትሰማለችና ጻፊላት። መተዉ ቢያቅታት ድምፁን ትቀንስልኝ።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቆማ «እኔም የምለው አለ» አለችኝ። እንደተናገረችው እጽፈዋለሁ።

«ሰገኔ፤ ይኸ ወንድሜ የሚልሽን አትስሚው፤ ሲፈጥረው ነጭናጫ ነው። እኔ አይሊን አለቀሰች አላለቀሰች ምን ገዶኝ። ከኋላዋ ያለውን መንገድ ነው የማየው። ያንቺ አገር መንገድ አይደል? ሰው ሲያልፍ ዓይኔን አልነቅልም። አንድ ቀን ታልፊ ይሆናል ብየ ነው። ያገኘሽው ይበርክት፣ የቆምሽበት ይለምልም፣ እግርሽን ይጠብቅልኝ።»

እንዲህ ናት። ቸር ያቆይሽ።

አጎትሽ ይሄይስ


ኢስታንቡል፣ ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአጎቴ ለጋሼ ይሄይስ

ጤናዎ እንዴት ነው? ከሰው ያልቆጠሩት ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ። አሁንም ያው የልብስ ስፌት ቤት ነው የምሠራው፤ ሌሎቹ ይሰፋሉ፣ እኔ እተኩሳለሁ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። «ሰባት በርን» የሚጠላ ሰው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሁለታችን ነን። አብረውኝ የሚሠሩት የቱርክም የሶርያም ሴቶች ለምሳ ስንቀመጥ ሌላ ወሬ የላቸውም። «አላይም» ብላቸው «በሽታሽ ምንድን ነው?» ይሉኛል። ለምን እንደማላይ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ መንገዱን ነው የማየው ማለቷን ካነበብኩ በኋላ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጋሼ፣ እኔ ድራማው ውስጥ አልፌያለሁ።

ካቻምና ነው። ሰፈራችን የጥንት ገበያ ስላለበት ሊቀርጹ መጡ። አላፊ አግዳሚ የሚሆን ሰው ሲያንሳቸው ከስፌት ቤታችን አምስታችንን ወሰዱን። እኔ ደህናውን ኮቴን፣ ስንት ወር አስቤ የገዛሁትን፣ ለብሼ ሄድኩ። አንዲት ሴት መጥታ አስወለቀችኝና ክንዱ የተቀደደ አሮጌ ኮት አለበሰችኝ። «ስደተኛ መምሰል አለብሽ» አለችኝ። ሦስት ዓመት ስደተኛ ሆኜ አልመሰልኩም ማለት ነው? ዘንቢል አስያዙኝና ከአይሊን ኋላ እለፊ አሉኝ። ሰባት ጊዜ አሳለፉኝ። አይሊንም ሰባት ጊዜ አለቀሰች። በየመሀሉ ትኩስ ሻይ ይሰጧት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙንም መስማት አልወድም።

ለእናቴ «ዘንቢል ይዛ ታልፋለች» ብቻ ይበሏት። የኮቱን ነገር ግን አደራዎን። ሰርጉ የሚፈርስበት ቀን ነው፤ አይሊን በሙሽራ ልብሷ ከአዳራሹ ወጥታ ገበያውን አቋርጣ ስትሮጥ። እዚህ ታይቶ አልፏል። ከውሰር እንደምትለው እናንተ ገና መጀመሪያው ላይ ናችሁ፤ ዓመት ያህል ይቀራችኋል።

ድምፁን ትቀንስልዎ ዘንድ ልጽፍላት ነበር፤ አልጻፍኩም። ይታገሱልኝ።

እጅዎን የምትስም ልጅዎ
ሰገን


ወረታ፣ ጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሰገን ልጄ

ጥምቀትን በሰላም አሳልፈን፣ ታቦቱን ሸኝተን፣ ሩዙን ወቅተን ገብተናል። አንቺንም ያለሽበት ቦታ ይባርክልሽ።

ምን በወጣኝ ነገርኳት! «ዘንቢል ይዛ ታልፋለች» ያልኳት ዕለት እልል ብላ ሰፈሩን ሰበሰበችው። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ፊቷን ታጥባ፣ የታጠበ ነጠላ ለብሳ፣ መስታወቱ ሥር መሬት ላይ ትቀመጣለች። ቤቱ ይሞላል። ገበያ በታየ ቁጥር «ዝም በሉ!» ትላለች፤ ሕፃን ያለቀሰባት እናት ተነሥታ ትወጣለች። መብራት የጠፋ ቀን ነጠላዋን እንዳደረገች እነ ኢሳቅ ሱቅ ጄኔሬተር ወዳለበት ትሄዳለች። ኢሳቅም ወንበሩን ለቆላት ራሱ ቆሞ ይሸጣል።

እኔን የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሰርጉ መቼ ነው?» ገና አልተጫጩም እኮ! አንድ የአንበሳሜ ሰው ጠይቆ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ክርስትና በሚያስነሣበት ጊዜ እነዚህ ገና እየተያዩ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔ ግን የምሬን ነው።

ከገና ወዲህ ሆዷን ያማታል። እህል እየቀነሰች ነው። መንገዱ ሲከፈት ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። ቀላል ነው ብለዋል። ከአንድ ወር በኋላ ተመለሱ አሉን።

«ሰገኔ፤ ዘንቢሉ ይከብዳል ወይ? ምን ነበረበት? በቀኝ በኩል ታልፊያለሽ ወይስ በግራ? ዓይኔ እየፈዘዘ ነው፤ አውቄ ልጠብቅሽ ብየ ነው። ይሄይስ አሁን አሁን አጠገቤ ይቀመጣል፤ ቤቱ ስለጠበበው ነው ይላል። የቆምሽበት ይለምልም፣ እግርሽን ይጠብቅልኝ።»

እውነት ነው፤ ቤቱ ስለጠበበኝ ነው።

አጎትሽ ይሄይስ


ኢስታንቡል፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ይሄይስ

እንደምን አላችሁ? ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? እናቴ እንዳትጾም ይለምኗት፤ ንስሐ አባቷም ይንገሯት።

«ቀላል ነው» የሚል ሐኪም ተመለሱ አይልም ጋሼ። ምን እንዳለ በትክክል ይጻፉልኝ። መምጣት አልችልም፤ የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ስላልወጣ፣ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ይህንንም ለእናቴ ይንገሩልኝ ብዬ አላስጨንቅዎትም፤ ለርስዎ ነው የምነግርዎ። ለሕመሟ ማስታገሻ ለከውሰር ሰጥቻታለሁ፤ አወሳሰዱን ታውቀዋለች።

በግራ በኩል ነው የማልፈው። ከሽንኩርት ሻጩ አጠገብ። ዘንቢሉ ባዶ ነበር። ለእናቴ ግን ሽንኩርት ነበረበት ይበሏት፤ ባዶ ዘንቢል ይዤ ገበያ መዋሌን ብትሰማ አትወድም። የምታየኝ ሦስት አራት እርምጃ ያህል ነው፤ ከዚያ አይሊን ትሸፍነኛለች።

ከውሰር አንድ ነገር አሰበች። ያቺን ቦታ ብቻ በስልኳ ቀድታ ይዛላት ትመጣለች፤ እናቴ ዓመት እንዳትጠብቅ። መቼም እንዲህ ያለ ሐሳብ ለኔ ለልጇ አልመጣልኝም፤ ከውሰርን ይመርቁልኝ።

እስከዚያ ግን እባክዎ አጠገቧ ሆነው ይዩላት። ቤቱ ባይጠብዎትም።

ሰገን


ወረታ፣ ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ለልጄ ለሰገን

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ አጎትሽ፣ ጎረቤቱም፣ ከብቱም፣ ሁላችንም ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል። ሩዝ ዘርተናል። ርብ ዘንድሮ ቶሎ ይሞላል ይላሉ፤ ያው የፈጣሪ ሥራ ነው።

እናትሽ ጸበል ገብታለች። ራቅ ያለ ስለሆነ ስልክ አይሠራም። ሱባኤዋን እስክትጨርስ አትደውዪ። እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ ብላኛለች፦

«ልጄ ሰገን ሆይ፤ የአብርሃምና የሣራ አምላክ ይባርክሽ፤ በወጣሽበት በገባሽበት ይቅናሽ፤ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። ስለ እኔ አትጨነቂ።»

ሥራሽን በርትተሽ ሥሪ። እህል ብዪ። ብቻሽን አትዋዪ፤ አብረውሽ ከሚሠሩት ሴቶች ጋር ተቀላቀዪ። ሰው ያስፈልጋል።

አጎትሽ ይሄይስ


ኢስታንቡል፣ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ይሄይስ

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎም።

ከውሰር ሰጥታኝ ቶሎ ልትሄድ ነበር፤ ሻይ ሳትጠጪ አልኳት። ወሬ እንዲሆነን ስለ ድራማው ጠየቅኋት። ሳታስበው ነገረችኝ። በግንቦት መጨረሻ ሰባት በር ያለው ቤት ተቃጥሎ የአይሊን አያት ውስጥ ስትቀር ወረታ በሙሉ አለቀሰ አለችኝ። ጥሩብርሃን ደረቷን ስትመታ ሰው ይዟት ነው፤ ሳምንት ሙሉ በየሱቁ ሌላ ወሬ አልነበረም አለችኝ። «እናቴስ ምን አለች?» ብዬ ስጠይቃት ሻዩን ልትከፍል ተነሣች። ግማሹን እንኳ አልጠጣችም ነበር።

ጋሼ፣ የርስዎን ደብዳቤ መልሼ አወጣሁት። ስለ ድራማው አንድ ቃል የለበትም። እርስዎ! ቤት ተቃጥሎ፣ ሰፈር በሙሉ ለማያውቃት አሮጊት ደረት ሲመታ፣ እርስዎ ሳይሳደቡ ያልፋሉ? የሚሳደቡት ሲያጡ ጉልበትዎን የሚሳደቡ ሰው። ቤታችን ውስጥ ስለዚያ ቃጠሎ የሰማ ሰው የለም ማለት ነው። የቴሌቪዥኑ ሳጥን አይከፈትም ማለት ነው።

ምርቃቱም የእናቴ አይደለም። የርስዎ ነው፤ የቤተ ክህነት ትምህርትዎ ነው። እናቴ አብርሃምን ጠርታ አታውቅም። እግሬ የት አለ?

አባቴ የሞተ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ሬዲዮኑን እናቴ በነጠላ ሸፈነችው። ዓመት እስኪሞላ የቤታችን ግድግዳ ዘፈን አልሰማም።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፤ ሌላ አይጻፉልኝ። ቤታችን ያለው ቴሌቪዥን ተሸፍኗል ወይስ አልተሸፈነም?

ሰገን


(በፖስታው ላይ) ሰገን፤ ይህን ማለዳ፣ ከውሰር አጠገብሽ ተቀምጣ ካልሆነ በቀር እንዳትከፍቺው። አጎትሽ ነኝ፤ እሺ በዪኝ።

ወረታ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰገን ልጄ

ተሸፍኗል።

መርዶ በወረቀት አይነገርም። ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጅ ቆሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ነው የሚነገረው። ወረቀት አያቅፍም፤ ደረት ሲመቱ እጅ አይዝም። እዚያ ላንቺ የሚሆን ወገን አጥቼ ከውሰርን ለመንኳት። እሺ ብላ ሄዳ ሳትነግርሽ ተመለሰች። «ፊቷን ሳየው አቃተኝ» ብላ እዚህ ደጄ ላይ አለቀሰች። እኔም አልተቆጣኋትም። እኔስ በብዕር እንኳ መቼ ቻልኩ? እናትሽ ያላለችውን ምርቃት ጻፍኩልሽ። በዕድሜዬ የጻፍኩት ውሸት ላንቺ የጻፍኩት ብቻ ነው፤ እሱንም አላወቅሁበትም።

ግንቦት 3 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው ያረፈችው። ሐኪሙ በጥር ነግሮኝ ነበር፤ ጉበቷ ነው፣ አይድንም ብሎኝ ነበር። ለእሷም ላንቺም አልተናገርኩም። ይህን ይቅር ካልሽኝ ሌላውን እኔ እችለዋለሁ።

ከውሰር በሚያዝያ ስልኳን ይዛ ስትመጣ እናትሽ ከአልጋ አትወርድም ነበር። «ይኸው ሰገን፣ አሁኑኑ እዪያት» አልናት። እጇን ዘርግታ ስልኩን ገፋችው። «አሁን ካየኋት በኋላስ ምን እጠብቃለሁ?» አለች። «በሰርጉ ቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት ትለፍልኝ።» እኔም አላየሁትም። እሷ ያላየችውን እኔ እንዴት አየዋለሁ?

ከዚያ በኋላ አልጋዋን መስታወቱ ፊት አደረግንላት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እኔ አያለሁ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ያን በር ከፍታ የምትቆም ሴት ሁሉ ማን እንደመጣባት ለእናትሽ የምነግራት እኔ ሆንኩ። «መንገድ ታየ?» ትለኛለች። «ታየ» እላታለሁ። «ሰው አለፈ?» «አለፈ፤ እሷ ግን አይደለችም።» «እንግዲያ ገና ነው» ብላ ትተኛለች። ዓርብ ዕለትም እንደዚሁ ተባብለን ተኛች።

ቀብሯ ሰው በሰው ነበር፤ በዚህ አትዘኚ። የማዝነው በሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሴቶቹ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። አንዷ «ልጅ አስተኝቼ ልምጣ» አለች፤ ልጇ ሚስት አግብቷል። አንድ በአንድ ወጡ። የኔን እኅት ትተው ለአይሊን ሊያለቅሱ ሄዱ። ያልሄደችው ጥሩብርሃን ብቻ ናት። ጊደሯን በአይሊን ስም የጠራችው እሷ፣ እግሬ ሥር ተቀምጣ እስኪመሽ አልተነሣችም። በሰው መፍረድ እንደማልችል ያን ቀን ገባኝ።

ማታውን ነጠላዋን አንሥቼ ሳጥኑን ሸፈንኩት። ዝም እንዲል ስንት ጊዜ ተመኝቼ ነበር። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቤቱ ፀጥ ይላል፤ እኔም ጆሮዬን ይዤ እወጣለሁ።

አልቅሺ። ውስጥሽ አታስቀሪው። ከውሰር ትይዝሻለች።

አጎትሽ ይሄይስ


ኢስታንቡል፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ

ከውሰር እንዳሉት አደረገች። ልብስ ልትገዛ በመጣችባቸው ሦስት ቀናት ምንም ሳትገዛ ፍራሼ ላይ ከኔ ጋር ተቀመጠች። ሰላቷን እዚያው ጥግ እየሰገደች፣ ተመልሳ እጄን እየያዘች። አባቷን ጋሽ ኢሳቅን ስለ እሷ ያመስግኑልኝ።

የስፌት ቤቱ ሴቶችም መጡ። እነዚያ በድራማቸው ያስመረሩኝ። ምግብ ይዘው መጥተው፣ ቋንቋዬን ሳያውቁ አብረውኝ አለቀሱ። ወደ ሥራ ስመለስ በምሳ ሰዓት የሚያዩትን ስልክ ሁሉም አጥፍተው ጠበቁኝ። ማንም አላዘዛቸውም።

ይቅር ብዬዎታለሁ። እርስዎም ይቅር ይበሉኝ። አንድ ቀን እንኳ አብሬያት ሳልሆን «ሽንኩርት ነበረበት» ብዬ ላስደስታት ሞከርኩ።

ከውሰር ሰርጉ በታኅሣሥ ይደርሳል ትላለች። ለኛ አገር ሲተረጉሙት የሚቆርጡት አለ፤ እኔንም ቆርጠውኝ ይሆናል። ባይቆርጡኝ ግን አንድ ልመና አለኝ። ኀዘን ላይ ባለ ቤት ቴሌቪዥን እንደማይከፈት አውቃለሁ፤ ዓመቷ ገና ነው። ጋሼ፣ እኔ ለለቅሶዋ አልደረስኩም። አፈር አላለበስኳትም። በዚያ ቀን ብቻ ነጠላውን ያንሡልኝና ቤቴ ልግባ።

ሰገን


ወረታ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰገን ልጄ

ልመናሽ ሲደርሰኝ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ «ኀዘን ላይ ባለ ቤት ቴሌቪዥን ልክፈት ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ጉዳዩንም ነገርኳቸው። «ልጅ ለእናቷ ለቅሶ ስትመጣ በር ይዘጋባታል እንዴ?» አሉኝ።

ትናንት ነበር። ለማንም አልነገርኩም፤ ጥሩብርሃን ግን ከውሰርን ጠይቃ ቀኑን ይዛው ኖሯል። ስምንት ተኩል ላይ ሰው መምጣት ጀመረ። ሁሉም ለለቅሶ እንደሚመጣው ጥቁር ለብሰው ነው የመጡት። እነዚያ ከድንኳን ወጥተው የሄዱትም መጡ። በየቤታቸው መስታወት እያላቸው የኔን ደጅ ሞሉት። ቂሜን ፈለግሁት፣ አጣሁት። ኢሳቅ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ሲዘጋ ያየሁት በኢድ ብቻ ነው።

ነጠላዋን አንሥቼ ጭኔ ላይ አደረግሁትና ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት። ሰርጉ ተጀመረ። ተጨቃጨቁ፣ ተያዩ፣ ደግሞ ተያዩ። ቀለበቱ ተወረወረ። አይሊን በሙሽራ ልብሷ ወጥታ ገበያው ውስጥ ገባች። እኔ እሷን አላየሁም፤ በግራ በኩል ሽንኩርቱን ነበር የምፈልገው። አየሁት።

አለፍሽ።

አልቆረጡሽም። አራት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ያቺ አገር ሁሉ የሚያለቅስላት ሴት ከፊት እየተንሰቀሰቀች አንድ ሰው አላያትም። ጥሩብርሃን «መጣችልሽ ይርገዱ! መጣችልሽ፣ ልጅሽ ደረሰችልሽ!» ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ ቤቱ በአንድ ድምፅ አለቀሰ። ለቀብሯ እንዲያ አልተለቀሰም።

እኔ አልጮህኩም። ፊትሽ በደንብ አይታይም፤ ከኋላዬ አንድ ሰው «ግን እሷ ናት?» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ግን አረማመድሽን አየሁት። ዘንቢሉን በግራ ይዘሽ፣ ቀኝ ትከሻሽን ዝቅ አድርገሽ፣ እግርሽን መሬቱ እንዳይነቃ ይመስል ቀስ አድርገሽ ስታስቀምጪ። ከይፋግ ገበያ ስትመለስ አርባ ዓመት ከኋላዋ የሄድኩት አረማመድ ነው። አንቺን አይደለም ያየሁት ልጄ፤ እኅቴን አየኋት። በደህና እግሯ፣ ሳትታመም፣ ገበያ ውላ ወደ ቤቷ ስትሄድ። ከዚያ ያቺ አይሊን መጥታ ሸፈነቻት።

ኮቱንም አይቼዋለሁ። ክንዱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከዚህ ድረስ ይታያል። ሰው ሁሉ አየው፤ ማንም ምንም አላለም። ይህን እናትሽ አለማየቷ ደግ ነው ልል ነበር፤ አልልም። ብታየው ኖሮ ተነሥታ መርፌ ትፈልግ ነበር።

ድራማውን አሁንም አልወደውም። እንዲህ ረዝሞ፣ እንዲህ ተጎትቶ፣ አንድ ቁም ነገር ቢኖረው አራት እርምጃ ናት፤ እሷንም ከኋላ አደረጓት።

ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይደገማል አሉ። ነጠላውን ገና መልሼ አላለበስኩትም።

እሷ የለችምና እንግዲህ የምለው እኔ ነኝ። የቆምሽበት ይለምልም። እግርሽን ይጠብቅልኝ።

አጎትሽ ይሄይስ